የሞተ የልብ ጡንቻ ይተካል? የግንደ ሕዋስ ሕክምና ተስፋና ሒሳቡ

በግንደ ሕዋስ፣ ብዙዎች ስቴም ሴል በሚሉትና ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ መለወጥ በሚችለው ሕዋስ፣ የተጎዳ ልብን መጠገን ተቻለ የሚል ዜና በየጥቂት ወሩ ብቅ ይላል። አንዴ ከጃፓን፣ አንዴ ከጀርመን፣ አንዴ ከአሜሪካ። ርዕሱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ ከርዕሱ ሥር ያለው ነገር ግን ያው አይደለም። ከሃያ ዓመት በፊት በዚህ ስም ይሰጥ የነበረው ሕክምናና ዛሬ በዚሁ ስም የሚሞከረው ከስማቸው በቀር የሚጋሩት እምብዛም የለም። የፊተኛው በሺህ በሚቆጠሩ በሽተኞች ላይ ተሞክሮ የተባለለትን አላደረገም። የኋለኛው ገና በጥቂት ሰዎች ላይ ነው ያለው፤ የቆመበት ሳይንስ ግን የተሻለ ነው። ሁለቱን የሚደባልቅ ሰው ወይ ያለ መጠን ተስፋ ያደርጋል፣ ወይ ያለ መጠን ይጠራጠራል። ከዚህ መደባለቅ ገንዘብ የሚያገኙም አሉ፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ጉዳቱን እንይ። በተለምዶ ሃርት አታክ የሚባለው ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚመጣው ልብን ከሚመግቡት የደም ቧንቧዎች አንዱ በረጋ ደም ሲደፈን ነው። ከተደፈነው ቦታ ወዲያ ያለው ጡንቻ ኦክስጅን ያጣል፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲያልፍ ሕዋሳቱ መሞት ይጀምራሉ፤ ቧንቧው ሳይከፈት ሰዓታት ከነጎዱ ደግሞ ጉዳቱ ከውስጠኛው የልብ ግድግዳ ወደ ውጭኛው ይዘልቃል። ደምን ወደ መላ አካል የሚረጨው የግራው የልብ ክፍል ከ2 እስከ 4 ቢሊዮን የሚደርሱ የጡንቻ ሕዋሳት አሉት። ከባድ ሕመም ከእነዚህ ውስጥ እስከ አንድ ቢሊዮን ያህሉን በጥቂት ሰዓታት ሊገድል ይችላል።

በሞቱት ቦታ ጠባሳ ይተካል። ጠባሳው በራሱ ጠላት አይደለም፤ እሱ ባይኖር ግድግዳው ግፊቱን መቋቋም አቅቶት ይቀደድ ነበር። ችግሩ ጠባሳ አለመኮማተሩ ነው። የቀረው ጡንቻ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል፣ ልብ ቀስ በቀስ ይለጠጣል፣ ግድግዳው ይሳሳል፤ በወራት ወይም በዓመታት ውስጥ የልብ ድካም ይከተላል። ያሉት መድኃኒቶች ይህን ጉዞ ያዘገያሉ፣ ዕድሜም ያራዝማሉ። የሞተውን ጡንቻ ግን አንዳቸውም አይመልሱም። የግንደ ሕዋስ ሕክምና ሐሳብ ያን ያህል የማረከው እዚህ ክፍተት ላይ ስለገባ ነው።

ልብ ለምን ራሱን አይጠግንም?

ቆዳ ሲላጥ ይተካል፤ ጉበት ግማሹ ቢቆረጥ መልሶ ያድጋል። ዜብራፊሽ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ከልቧ አንድ አምስተኛው ተቆርጦ ቢወሰድባት በሁለት ወር ገደማ መልሳ ታበቅለዋለች። አዲስ የተወለደ የአይጥ ግልገልም ይህን ማድረግ ይችላል፤ ሳምንት ሲሞላው ግን ችሎታው ይጠፋል። ስለ ሰው ልብ ለአሥርተ ዓመታት የነበረው እምነት ከተወለድን በኋላ አንድም አዲስ የጡንቻ ሕዋስ አይጨመርም የሚል ነበር። እምነቱን ለመፈተን ደግሞ መንገድ አልነበረም። በእንስሳ ላይ እንደሚደረገው የሰውን ሕዋሳት በጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ቀልሞ ለዓመታት መከታተል አይቻልም።

መንገዱን የከፈተው የኑክሌር ቦምብ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኃያላን መንግሥታት አየር ላይ ያፈነዷቸው ቦምቦች በከባቢ አየር የነበረውን የካርቦን 14፣ ጨረር አመንጪ የሆነውን የካርቦን ዓይነት፣ መጠን ወደ እጥፍ ገደማ አደረሱት። የ1963ቱ ስምምነት የአየር ላይ ፍንዳታውን ከገታው በኋላ መጠኑ በየዓመቱ እየቀነሰ ሄደ። ዕፅዋት ያንን ካርቦን ከአየር ወሰዱ፤ ሰው ደግሞ ዕፅዋቱንና ዕፅዋቱን የበሉትን እንስሳት በላ። ስለዚህ በሰውነታችን ውስጥ የተፈጠረ እያንዳንዱ ሕዋስ በተፈጠረበት ጊዜ በአየር ላይ የነበረውን የካርቦን 14 መጠን በዲኤንኤው ውስጥ ይዞ ቀረ። ማንም ሳያቅድ የሰው ልጅ ሁሉ ሕዋሳት የልደት ዘመናቸው ተጻፈባቸው።

በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ዮናስ ፍሪዘንና ባልደረቦቹ የሟቾችን የልብ ጡንቻ ሕዋሳት ለይተው ይህን ምልክት ለኩ። በ2009 ያወጡት ውጤት እንዲህ ይላል፦ የ25 ዓመት ወጣት ከልብ ጡንቻ ሕዋሳቱ በዓመት 1 በመቶ ያህሉን ይተካል፤ በ75 ዓመት ይህ ወደ 0.45 በመቶ ይወርዳል። በአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ የሚተካው ከግማሽ በታች ነው። አሮጌው እምነት ስለዚህ ተሳስቷል፣ ግን በጥቂቱ ነው የተሳሳተው። ይህ ፍጥነት በአንድ ሌሊት ሩቡን ላጣ ልብ የሚፈይደው ነገር የለም። ሆኖም ዜሮ አለመሆኑ ብዙዎችን አነቃቃ፤ የሆነ ቦታ አዲስ ሕዋስ የሚያመነጭ ምንጭ ካለ ምንጩን ፈልጎ ማጎልበት ይቻል ይሆናል ብለው እንዲያስቡ በር ከፈተ።

የመቅኔው ዘመን

እንዲያውም አንዳንዶች ምንጩን አግኝተናል ካሉ ዓመታት አልፈው ነበር። በ2001 የእነ ዶናልድ ኦርሊክና ፒዬሮ አንቬርሳ ቡድን ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ከአይጥ መቅኔ የተወሰዱ ግንደ ሕዋሳት ልቧ በተጎዳ አይጥ ውስጥ ሲገቡ በዘጠኝ ቀን ብቻ ከሞተው ክፍል 68 በመቶውን አዲስ ጡንቻ ሸፈነው የሚል ነው። በመቅኔ ውስጥ ያሉ ግንደ ሕዋሳት ሥራቸው ደም መሥራት እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ይታወቃል። እነሱ ወደ ልብ ጡንቻ ይለወጣሉ ማለት የሥነ ሕይወትን መማሪያ መጻሕፍት እንደገና መጻፍ ማለት ነው። ጥንቃቄ የሚጠይቀውም ለዚህ ነበር።

ጥንቃቄው አልመጣም። በዚያው በ2001 በጀርመን ዱስልዶርፍ የመጀመሪያው በሽተኛ የራሱን የመቅኔ ሕዋሳት በልቡ ተቀበለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥም በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በእስያ ሆስፒታሎች ሙከራው ተስፋፋ።

አሠራሩ ቀላል ነበር፤ ምናልባትም ያን ያህል የተወደደው ለዚህ ነው። በሽተኛው የተደፈነው ቧንቧው ስቴንት በተባለ የሽቦ ቱቦ ከተከፈተለት ከጥቂት ቀናት በኋላ ዳሌው ላይ ማደንዘዣ ይወጋል፤ ሐኪሙ ወፍራም መርፌ ወደ አጥንቱ አስገብቶ 50 ሚሊ ሊትር ገደማ መቅኔ ይስባል። መቅኔው ወደ ቤተ ሙከራ ሄዶ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ይለዩለታል። ከዚያ በሽተኛው ተመልሶ ይተኛል። ቀጭን ቱቦ በደም ሥሩ በኩል እስከ ልቡ ይደርሳል፤ የቱቦው ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ፊኛ ስቴንቱ ውስጥ ተነፍታ የደሙን ፍሰት ለሦስት ደቂቃ ታቆማለች፤ በዚህ መሐል ሕዋሳቱ ይለቀቃሉ። ፊኛዋ ትተነፍሳለች፣ ደሙ ይመለሳል፤ ይኸው ሦስት ጊዜ ይደገማል። ደሙን ማቆም ያስፈለገው ሕዋሳቱ በፍሰቱ ታጥበው እንዳይሄዱ ነው።

ሄዱ እንጂ። በጀርመን ሃኖቨር ሕዋሳቱን በጨረር አመንጪ ምልክት ቀልመው የተከታተሉ ሐኪሞች በ2005 እንዳሳዩት፣ ዓይነታቸው ሳይለይ ከተለቀቁት የመቅኔ ሕዋሳት ውስጥ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ልብ ውስጥ የተገኘው 3 በመቶ እንኳ አልሞላም። አብዛኞቹ ጉበትና ጣፊያ ገብተው ነበር። ከዚያም ቀደም ብሎ በ2004 ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች፣ አንዱ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ሙሪ የሚመራው፣ ሌላው በስታንፎርድ፣ የአይጡን ሙከራ ደግመው የመቅኔ ሕዋሳት ወደ ልብ ጡንቻ ሲለወጡ አላገኙም። ሕዋሳቱ እንደ ተፈጥሯቸው የደም ሕዋስ ሆነው ቀሩ። ሁለቱም ጽሑፎች የወጡት የመጀመሪያው በወጣበት በራሱ በኔቸር ላይ ነው። በሰው ላይ የሚደረገው ሙከራ ግን ቀጠለ።

ለመቀጠሉ ምክንያት ነበረው፤ ቁጥሮቹ ጥሩ ይመስሉ ነበር። በሃኖቨር 60 በሽተኞች የተሳተፉበት ሙከራ በ2004 እንደዘገበው፣ ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም የሚረጨው ድርሻ ሕዋሳቱን ባገኙት ላይ በ6.7 የመቶኛ ነጥብ ጨመረ፤ ባላገኙት ላይ በ0.7 ብቻ። ከ18 ወር በኋላ ግን ልዩነቱ ትርጉም አጣ፤ ሌሎቹ ዘግይተው ደረሱባቸው። በ2006 ሁለት ሙከራዎች ውጤታቸውን ባንድ ሰሞን አወጡ። 204 በሽተኞች የተሳተፉበት የጀርመኑ መጠነኛ ጥቅም አገኘ፤ 100 በሽተኞች የተሳተፉበት የኖርዌዩ ምንም አላገኘም። አንዱ ደጋፊዎችን፣ ሌላው ተጠራጣሪዎችን አስደሰተ።

እዚህ ላይ ይህ «የሚረጭ ድርሻ» የሚባለው ቁጥር እንዴት እንደሚያታልል ማወቅ ያስፈልጋል። በድንገተኛ የልብ ሕመም ጊዜ ከሚሞተው ጡንቻ ዙሪያ ሳይሞት የደነዘዘ ጡንቻ አለ። ደሙ ሲመለስለት በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ነቅቶ እንደገና መኮማተር ይጀምራል። ስለዚህ ምንም የተለየ ነገር ያልተደረገለት በሽተኛ እንኳ ከሦስት ወር በኋላ ሲለካ ልቡ ሲሻሻል ይገኛል። በዕጣ የተለየ የማነጻጸሪያ ቡድን የሌለው ሙከራ ይህን የተፈጥሮ ማገገም የሕክምናው ውጤት አድርጎ ይቆጥረዋል። ሌላም አለ። በልብ አልትራሳውንድ የሚወሰደው ልኬት በለኪው ዓይንና እጅ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ያንኑ ልብ ሁለት ባለሙያ ቢለኩት ጥቂት ነጥብ ሊለያዩ ይችላሉ። ለኪው የትኛው በሽተኛ ሕዋስ እንዳገኘ ካወቀ ደግሞ፣ ክፋት ሳይኖርበት፣ እጁ ወደ ምኞቱ ሊያዘነብል ይችላል። የሚከራከሩበት ጥቅም ከሁለት እስከ ስድስት ነጥብ በሆነበት መስክ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን ጥርጣሬ በቁጥር አስቀመጡት። 49 ሙከራዎችን የሚመለከቱ 133 ዘገባዎችን አንድ በአንድ አንብበው እርስ በርስ የማይጣጣም ነገር ፈለጉ፤ የማይደመር ድምር፣ በሠንጠረዥና በጽሑፍ መካከል የሚለያይ አኃዝ፣ ሞተ ከተባለ በኋላ ስለ ሕመሙ ምልክት የሚናገር በሽተኛ። ከ600 በላይ አገኙ። በ2014 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ያወጡት ሠንጠረዥ ለኔ በዚህ መስክ ከተጻፉት ሁሉ አስደንጋጩ ነው። ከ30 በላይ አለመጣጣም የተገኘባቸው ሙከራዎች አማካይ ጥቅም 7.7 ነጥብ ነበር። አለመጣጣሙ ሲቀንስ ጥቅሙም አብሮ ወረደ። አንድም ያልተገኘባቸው ሙከራዎች አማካይ ውጤት ከዜሮ በታች 0.4 ሆነ። ሕዋሳቱ የሚሠሩት ዘገባው በተዝረከረከበት ቦታ ነበር ማለት ነው።

ክርክሩን አንድ ትልቅ ሙከራ ይቋጨዋል ተብሎ ባሚ የተባለ በአውሮፓ ኅብረት የተደገፈ ጥናት ተጀመረ። 3,000 በሽተኞችን በዕጣ ለይቶ ልኬቱን ትቶ ሞትን ሊቆጥር ነበር ዕቅዱ። ማሰባሰብ የቻለው 375 ብቻ ሆነ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሕዋስ ካገኙት 3.26 በመቶ፣ ካላገኙት 3.82 በመቶ ሞቱ። የበሽተኛው ቁጥር ከማነሱም በላይ ሌላ ነገር ታየ፦ በማነጻጸሪያው ቡድን የሞተው ሰው ከታሰበው እጅግ ያነሰ ነበር። ቧንቧን በፍጥነት መክፈትና ያሉትን መድኃኒቶች በአግባቡ መስጠት ሥራውን አስቀድሞ ሠርቶታል። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2015 41 ሙከራዎችንና 2,732 ተሳታፊዎችን ደምሮ የደረሰበትም መቅኔው በሞት ላይ ለውጥ አላሳየም የሚል ነው።

«የልብ ግንደ ሕዋስ» እና ውድቀቱ

የመቅኔው ነገር ሲደበዝዝ አንቬርሳ ሌላ ሐሳብ ይዞ መጥቶ ነበር። በ2003 ልብ የራሱ ግንደ ሕዋስ አለው፣ ሲኪት በተባለ ምልክት ይለያል አለ። በ2011 ደግሞ እነዚህን ሕዋሳት ከበሽተኞች ልብ ወስዶ፣ አብዝቶ መልሶ የሰጠ ስኪፒዮ የተባለ ሙከራ ዘ ላንሴት ላይ ወጣ፤ ውጤቱም በዓለም መገናኛ ብዙኃን ተስተጋባ። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ግን መድገም አልቻሉም። በአሜሪካ ሲንሲናቲ የጄፍሪ ሞልከንቲን ቡድን በ2014 በአይጥ ላይ እንዳሳየው፣ እነዚህ ሕዋሳት የሚያመነጩት የልብ ጡንቻ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከሳይንስ ክርክርነት አለፈ። በ2017 አንቬርሳ ይሠራበት የነበረው የቦስተኑ ብሪገም ሆስፒታልና ባለቤቱ ድርጅት፣ የምርምር ገንዘብ በተፈበረከ መረጃ ተገኝቷል የሚለውን የአሜሪካ መንግሥት ክስ ለመቋጨት 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በ2018 ሃርቫርድና ሆስፒታሉ ከዚሁ ቤተ ሙከራ የወጡ 31 ጽሑፎች በውስጣቸው የተዛባ ወይም የተፈበረከ መረጃ አለ ብለው እንዲሰረዙ ለመጽሔቶቹ አሳወቁ። በዚያው ወር የአሜሪካ የልብ፣ የሳንባና የደም ተቋም በእነዚህ ሕዋሳት ላይ ተመሥርቶ በሰዎች ላይ ይካሄድ የነበረን ሙከራ ለጊዜው አስቆመ። ዘ ላንሴት የስኪፒዮን ጽሑፍ በ2019 ሰረዘው።

የሚያስቆጨው የጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በሽተኞች በፈቃዳቸው ደረታቸውን ሰጥተዋል፤ ወጣት ተመራማሪዎች የሌለ ነገር ሲፈልጉ ምርጥ ዓመታቸው አልፏል፤ ውጤቱን መድገም ያቃታቸውም ጥፋቱ የራሳቸው እየመሰላቸው ዝም ያሉ ብዙ ናቸው።

ይሁንና አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሕዋሳቱ ጡንቻ ካልሆኑ በእንስሳት ላይ ብዙ ቤተ ሙከራዎች ያዩት መጠነኛ መሻሻል ከየት መጣ? ለዚህ አጥጋቢ መልስ የሰጠው ያው የሲንሲናቲው ቡድን ነው። ተመራማሪዎቹ ልባቸው የተጎዳ አይጦችን ለይተው ለአንዳንዶቹ ሕያው ሕዋስ፣ ለአንዳንዶቹ በማቀዝቀዝ የተገደለ ሕዋስ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ከእርሾ የሕዋስ ግድግዳ የሚወጣ ዛይሞሳን የተባለ ንጥረ ነገር ወጉ። ሦስቱም የልቡን ሥራ አሻሻሉ። የአይጦቹን የሰውነት መከላከያ በመድኃኒት ሲያፍኑት ጥቅሙ ጠፋ። መርፌው የቀሰቀሰው የሰውነት መቆጣት ማክሮፋጅ የሚባሉትን የመከላከያ ሕዋሳት ወደ ቦታው ጠርቶ የጠባሳውን ጠባይ አሻሽሎ ነበር እንጂ አዲስ ጡንቻ አልነበረም። የሞተ ሕዋስና እርሾ ከሕያው ግንደ ሕዋስ እኩል ከሠሩ፣ ለሃያ ዓመት የተባለው ነገር ሌላ ስም ያስፈልገው ነበር ማለት ነው። ከሌላ ሰው የተወሰዱ ሜዘንካይማል የሚባሉ ሕዋሳት ዛሬም የሚሞከሩት በዚሁ መንገድ፣ መቆጣትን በማስተካከል ይረዱ እንደሆነ ነው። ከእነዚህ ትልቁ የሆነውና 537 የልብ ድካም ሕሙማን ሕክምናውን ወይም ማስመሰያውን የወሰዱበት ሙከራ በ2023 ዋና ግቡን ሳይመታ ቀርቷል።

እውነተኛ የልብ ጡንቻ

አዲሱ መንገድ ከዚህ ፍጹም ይለያል። ልብ ውስጥ ገብቶ ጡንቻ ይሆናል ብሎ ተስፋ የሚደረግበት ሕዋስ የለም፤ የሚገባው አስቀድሞ ጡንቻ የሆነ ሕዋስ ነው።

ይህን የሚቻል ያደረጉት ሁለት ግኝቶች ናቸው። በ1998 ጄምስ ቶምሰን ከሰው ጽንስ ወደ ማንኛውም የአካል ክፍል መለወጥ የሚችሉ ሕዋሳትን ለይቶ አሳደገ። በ2006 ደግሞ የጃፓኑ ሺንያ ያማናካ አራት ጂኖችን ብቻ በማስገባት የአዋቂ አይጥን የቆዳ ሕዋስ ወደዚያ የጽንስነት ጠባይ መለሰው፤ በቀጣዩ ዓመት በሰው ሕዋስ ደገመው፤ በ2012 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ዛሬ ከሰው ደም ወይም ቆዳ የተነሣ ሕዋስ በትክክለኛው ጊዜ ትክክለኛው ኬሚካል ከተሰጠው ወደ ልብ ጡንቻ ይለወጣል። ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ትናንት ጸጥ ብሎ በሳህኑ ሥር ተነጥፎ የነበረው ሽፋን እዚህም እዚያም መንዘር ይጀምራል፤ ቆይቶም የተለያዩት ነጥቦች ተገናኝተው ሳህኑ ሙሉ አንድ ላይ ይመታል። ማንም ምቱን አላስተማረውም።

የእነዚህ ሕዋሳት ችግርም ከዚሁ ከራስ ተነሣሽነታቸው ይመጣል። በ2014 የቻርልስ ሙሪ ቡድን ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጉ የዚህ ዓይነት ሕዋሳትን ልባቸው በተጎዳ ጦጣዎች ውስጥ አስገባ። ሕዋሳቱ ተተከሉ፣ የደም ሥር ገባላቸው፣ ከጦጣው ጡንቻ ጋርም በኤሌክትሪክ ተያያዙ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሞተ የልብ ጡንቻ በሰፊው በሕያው ጡንቻ ተተካ። ሕዋሳቱን በተቀበሉት ጦጣዎች ሁሉ ላይ ግን አደገኛ ሊሆን የሚችል የልብ ምት መዛባት ታየ። ምክንያቱ ሕዋሳቱ ገና ጨቅላ መሆናቸው ነው፤ እንደ ጽንስ ልብ ራሳቸው ምት ይጀምራሉ፤ የአዋቂ የልብ ጡንቻ ግን ትእዛዝ ይጠብቃል። አንዱ ከበሮ በሚመታበት ጉባኤ ሌላው በራሱ ምት ሲገባ እንደሚሆነው ነው። ሕዋሳቱ በሳምንታት ውስጥ ሲበስሉ መዛባቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ታማሚ ልብ ያለው ሰው ግን እነዚያን ሳምንታት ላይሻገራቸው ይችላል። ቡድኑ በ2023 አንድ መፍትሔ አሳየ፦ ሦስት ጂኖችን አጥፍቶ አንድ ጨምሮ፣ ራሱ ምት የማይጀምር ነገር ግን ሲታዘዝ የሚኮማተር ሕዋስ ሠራ፤ በአሳማ ልብ ላይም የጸና መዛባት አላመጣም።

በጀርመን ጎቲንገን በቮልፍራም ሂውበርተስ ሲመርማን የሚመራው ቡድን ችግሩን በሌላ አቅጣጫ ዞረው። ሕዋሳቱን በመርፌ ከመበተን ይልቅ ኮላጅን ከተባለው ፕሮቲን ጋር አዋህዶ የሚመታ ሥጋ፣ የልብ ልጥፍ ሠራ፤ ልጥፉ በደካማው የልብ ግድግዳ ላይ ከውጭ ይሰፋል። በጦጣዎች ላይ ለወራት ሲከታተሉት የምት መዛባትም ሆነ ዕጢ አላዩም። በጥር 2025 በኔቸር የወጣው ጽሑፋቸው የአንዲት የ46 ዓመት ሴትንም ታሪክ ይዟል። የልብ ድካሟ ከፍቶ የልብ ንቅለ ተከላ ትጠብቅ ነበር፤ 400 ሚሊዮን ሕዋሳት ያሉበት ልጥፍ ተሰፋላት። ከሦስት ወር በኋላ ለጋሽ ልብ ሲገኝላት የወጣው የራሷ ልብ ወደ ቤተ ሙከራ ሄደ። ተመራማሪዎቹ ቆርጠው ሲያዩት የተለጠፈው ጡንቻ በሕይወት ነበር፤ የደም ሥርም ገብቶለታል። በሰው ላይ እንዲህ በዓይን የታየ ማስረጃ ከዚያ በፊት አልነበረም። አንድ በሽተኛ አንድ በሽተኛ ናት፤ ጡንቻው በሕይወት መኖሩ የታማሚን ዕድሜ መጨመሩን አያረጋግጥም። ግን የመቅኔው ዘመን በሃያ ዓመት ያላሳየውን አሳይቷል።

ዋጋም አለው። ልጥፉ የተሠራው ከሌላ ሰው ሕዋስ ስለሆነ ተቀባዩ የሰውነት መከላከያን የሚያፍኑ መድኃኒቶችን መውሰድ አለበት፤ እነሱ ደግሞ ለኢንፌክሽንና ለካንሰር ያጋልጣሉ፣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ለእያንዳንዱ በሽተኛ ከራሱ ሕዋስ መሥራት ይቻላል፤ ግን ወራት ይፈጃል፣ ወጪውም ከባድ ነው። በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩት ሕዋሳት መካከል ሳይለወጥ የቀረ ጥቂት ግንደ ሕዋስ ካለ ደግሞ ዕጢ ሊሆን ይችላል፤ ማጣራቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ገበያው ከሳይንሱ ቀድሟል

በዚህ መሐል ከሆድ ስብ ወይም ከመቅኔ ሕዋስ አውጥተው ለልብ፣ ለጉልበት፣ ለዓይን፣ ለእርጅና ሁሉ የሚወጉ የግል ክሊኒኮች በብዙ አገሮች ተስፋፍተዋል። ማስታወቂያቸው ስለ ያማናካና ስለ ልጥፉ ያወራል፤ መርፌያቸው ውስጥ ያለው ግን የ2001ዱ ሐሳብ ነው፣ ያውም የዚያን ዘመን ጥራት ያህል እንኳ ሳይጠበቅ። ጉዳቱም የገንዘብ ብቻ አይደለም። በ2017 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን በፍሎሪዳ ከስባቸው የወጣ ሕዋስ በዓይናቸው የተወጋባቸውን ሦስት ሴቶች ጉዳይ ዘግቧል፤ ዓይናቸው ታወረ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ልብን ለመጠገን የፈቀደው አንድም የግንደ ሕዋስ ሕክምና የለም። በ2024ም የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለው ከስብ የሚወጣ ሕዋስ እንደ መድኃኒት ቁጥጥር ሊደረግበት ይገባል ሲል ወስኗል።

ቁጥጥሩ ላልቶ የሚታይበት ቦታ ግን የግል ክሊኒክ ብቻ አይደለም። ጃፓን በ2014 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ ጉዳት የሌለውና ሊጠቅም ይችላል ተብሎ የሚገመት ሕክምና በጥቂት በሽተኞች መረጃ ብቻ ለተወሰነ ዓመት እንዲሸጥ፣ ማስረጃውም በሽያጩ ወቅት እንዲሰበሰብ ፈቅዳለች። ከጭን ጡንቻ የተወሰደ ሕዋስ ልብ ላይ የሚለጥፍ ሃርትሺት የተባለ ምርት በዚህ መንገድ በ2015 ገበያ ገባ። በ2024 የተሰበሰበው መረጃ ሲገመገም ጥቅሙ አልተረጋገጠምና ከገበያ ወጣ። ዘጠኝ ዓመት መሆኑ ነው።

ከዚያም የኦሳካ ዩኒቨርሲቲው ዮሺኪ ሳዋ በ2020 በበሽተኛ ላይ የጀመረው፣ ከያማናካ ዓይነት ሕዋሳት የሚሠራ ስስ የጡንቻ ሽፋን በ2025 ለዚሁ ፈቃድ ማመልከቻ ቀረበለት። ማመልከቻው የቆመበት ሙከራ የስምንት በሽተኞች ነው፤ የማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረውም። ሽፋኑ በዋናነት ይረዳል የሚባለውም የደም ሥር የሚያበቅሉ ንጥረ ነገሮችን በመልቀቅ እንጂ ራሱ ጡንቻ ሆኖ በመቅረት አይደለም። እኔ በዚህ መረጃ ላይ የሚሰጥ ፈቃድ ከሃርትሺት የተለየ መጨረሻ ይኖረዋል የምልበት ምክንያት አይታየኝም፤ ሳይንሱ ስለተበላሸ ሳይሆን ስምንት ሰው ያለ ማነጻጸሪያ ምንም ሊነግረን ስለማይችል ነው።

ማነጻጸሪያ ማቆም በዚህ ሕክምና ላይ በእውነት አስቸጋሪ ነው። ክኒን ከሆነ ያንኑ የሚመስል ባዶ ክኒን ይሰጣል። ልጥፍን ለመስፋት ግን ደረት ይከፈታል፤ የታመመ ልብ ያለውን ሰው ደረት ከፍቶ ምንም ሳያደርጉ መዝጋትን የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማግኘት ይከብዳል። ያለው አማራጭ በዕጣ ለይቶ አንዱን ቡድን በተለመደው ምርጥ ሕክምና ማቆየት፣ ልኬቱን በኤምአርአይ ወስዶ ማን ልጥፍ እንዳገኘ ለማያውቅ ባለሙያ መስጠት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚረጨውን ድርሻ ትቶ ሆስፒታል መመለስንና ሞትን መቁጠር ነው። ለዚህ በመቶ የሚቆጠሩ በሽተኞችና ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ እያንዳንዱ በሽተኛ የሚፈልገውን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዋስ በአንድ ዓይነት ጥራት የሚያመርት ፋብሪካም እንዲሁ።